ማርሚታውን ከማስቆረጣችሁ በፊት

ባለፈው ዓመት የገና ሰሞን ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ያደረግሁትን ጉዞ ባስታወስሁ ቁጥር ዛሬም ድረስ ልቤ ይመታል። የታኅሣሥ ብርድ ስለነበረ ከአዲስ አበባ ከወጣንበት ጊዜ ጀምሮ የመኪናውን መስኮቶች በሙሉ ዘግተን ማሞቂያውን ከፍተን ነበር። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋንና አሌልቱን አልፈን ወደ ሸኖ ስንቃረብ ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ራሴን አመመኝ» አለችኝ። በጉዞ ላይ አፉ የማያርፈው ታላቅ ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል፤ ባለቤቴም «ያቅለሸልሸኛል» እያለች ነበር። ሸኖ ላይ ወርደን ሻይ ስንጠጣና ልጆቹ ደጅ ሲሯሯጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን፤ የሁሉም ሕመም በዚያው ለቀቃቸው። ከፍታው ይሆናል፣ ባዶ ሆድ ይሆናል ተባብለን ተመልሰን ተሳፈርን፤ ጫጫ ሳንደርስ ሕመሙ እንደገና ጀመራቸው።

ልጄን ሊያስመልሳት ሲል መስኮቱን ባልከፍት ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ከመኪና ሲወርዱ የሚለቅ፣ ሲሳፈሩ የሚመለስ፣ ደግሞም አንድን ሰው ለይቶ ሳይሆን ተሳፋሪውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ራስ ምታት የካርቦን ሞኖክሳይድ ምልክት መሆኑን ያወቅሁት ወደ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ ነው። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም እንኳ ቀስ በቀስ የኦክስጅኑን ቦታ ይወስዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ድሮውንም የሳሳ ነው፤ ስለዚህ የጋዙ ጉዳት በዚያ ከፍታ ይብሳል። ሕፃናት ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድመው ይታመማሉ። እኛ ቤት ቀድማ የተናገረችው ትንሿ መሆኗ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ስለ መኪና ጭስ ማውጫ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ በራሴ መኪና ሥርም ካርቶን አንጥፌ ብዙ ቅዳሜዎችን አሳለፍሁ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የምሠራው በቢሮ ነው። ነገር ግን እንደ እኔ ያለው ባለመኪና ማርሚታን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ አፋኝ፣ የሚያስበው ሲጮኽ ብቻ መሆኑ፣ ጋራዥ ሲሄድም የመጀመሪያው መፍትሔ መቁረጥና መበየድ መሆኑ በጣም ያሳስበኛል። ጭሱ ሞተሩ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ቱቦውን ከፊት እስከ ኋላ ማንበብ የቻለ ሰው ብረት መቁረጫው ከመነሣቱ በፊት የችግሩን ምክንያት ያገኛል፤ አለበለዚያ ምክንያቱ ባለበት ይቀርና ምልክቱ ብቻ ይጠፋል።

መንገዱን ከመነሻው እንከተለው። ነዳጁ በሲሊንደሮቹ ውስጥ ከተቃጠለ በኋላ ጭሱ ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ክዳን) ጋር በቡሎን ወደታሰረው ማኒፎልድ ይገባል። ማኒፎልድ የአራቱን ሲሊንደሮች ጭስ ወደ አንድ ቱቦ የሚሰበስብ ብረት ሲሆን፣ ሞተሩ ሸክም ሲበዛበት በዚህ ቦታ የሚያልፈው ጭስ ሙቀት ከ600 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ቀጥሎ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ወደ ኋላ እንዳይተላለፍና ቱቦውን እንዳይሰብረው የሚከላከል ክፍል አለ፤ በአንዳንዱ መኪና በሽቦ ሽሩባ የተሸፈነ ተጣጣፊ ቱቦ ነው፣ በሌላው ደግሞ ሁለት ስፕሪንግ ባላቸው ቡሎኖች የታሰረና በመካከሉ ክብ ጋስኬት (ጭስ እንዳያመልጥ የሚያሽግ) ያለበት መገጣጠሚያ ነው። ከዚያ መርዛማ ጋዞችን የሚለውጠው ካታሊስት ይመጣል፤ ከፊቱና ከኋላው አንድ አንድ የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ) ተተክሏል። ከካታሊስቱ በኋላ ረጅሙ ቱቦ በመኪናው ወለል ሥር አልፎ፣ እኛ በጣሊያንኛው ስሙ ማርሚታ የምንላቸውን ድምፅ አፋኝ ክፍሎች አገናኝቶ፣ በጅራቱ ያበቃል። በማርሚታው ሆድ ውስጥ የተበሳሱ ቱቦዎችና ትንንሽ ክፍሎች አሉ፤ የድምፁ ሞገድ በእነዚህ ግድግዳዎች እየተላተመና እርስ በርሱ እየተጠፋፋ ይዳከማል። ይህ ሁሉ ብረት ከወለሉ ጋር የተያያዘው በጎማ ማንጠልጠያዎች ነው።

ከደብረ ብርሃን እንደተመለስሁ የሄድሁበት ጋራዥ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ከኋላ በኩል ተመለከተና የኋላው ማርሚታ ዝጓል አለኝ። እውነትም ዝጎ ነበር። አስቀየርሁት፣ ገንዘቡን ከፈልሁ፣ ድምፁም ረጋ። በማግሥቱ ጠዋት ግን መኪናውን አስነሥቼ ማሞቂያውን ስከፍት ያ የተቃጠለ ነገር ጠረን ተመልሶ መጣ። ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፤ ነገር ግን ከእሱ ጋር አብሮ የሚወጣው ያልተቃጠለ ነዳጅና ጥቀርሻ ይሸታል። ስለዚህ በመኪና ውስጥ የጭስ ሽታ ካለ የማይሸተውም አብሮ ገብቷል ማለት ነው።

በመጨረሻ ሰፈራችን ውስጥ ለብዙ ዘመን የሠሩ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ ሄድሁ። ነገሩን ሁሉ ካዳመጡኝ በኋላ መኪናውን አምጣ አላሉኝም። «ልጄ፣ ነገ ጠዋት ሞተሩን እንዳታስነሣው። ቤትህ ድረስ እመጣለሁ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ሲሞቅ ብረቱ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ያኔ ብንፈልግም አናገኘው» ብለው መለሱልኝ። ይህች አንዲት ቃል ብቻዋን ለቀደመው ጋራዥ ከከፈልሁት ገንዘብ ሁሉ በላይ ጠቅማኛለች። በሌሊት የቀዘቀዘ ሞተር ጠዋት ሲነሣ ከማኒፎልዱ አካባቢ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ካሰማና መኪናው ከሞቀ በኋላ ድምፁ ከጠፋ፣ ስንጥቅ ወይም የላላ ጋስኬት አለ ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ብዙ ሰው ግን ድምፁ ሲጠፋ ችግሩም የጠፋ ይመስለዋል።

በማግሥቱ በ12 ሰዓት ተኩል መጡ። አስቀድመው የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፉኝ፤ መኪናውን በክሪክ ካነሣን በኋላም ክሪኩን አላመኑም፣ ጠንካራ የብረት ማቆሚያዎች በሻሲው ሥር ሳናስገባ አንገቴን እንኳ ወደ ውስጥ እንዳላስገባ ከለከሉኝ። ይህን የምጽፈው በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር የሚተኛ ሰው በየሰፈሩ ስለማይ ነው። ከዚያ ባትሪ አብርተው ከፊት ጀምረው በእጃቸው ቱቦውን እየዳበሱ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ቀዝቃዛ ስለሆነ በባዶ እጅ ሊነካ ይችላል። በየመገጣጠሚያው ላይ ቆም እያሉ ያበሩ ነበር። ዝገቱን ከቁብ አልቆጠሩትም፤ የሚፈልጉት ጥቀርሻ ነበር።

«እዚህ ላይ እይ» አሉኝ። ከሞተሩ ወርዶ ወደ ካታሊስቱ የሚሄደው ቱቦ የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ በግራጫው ብረት ላይ፣ እንደ ተዘረጋ መዳፍ የተበተነ ጥቁር ምልክት ነበረ። ከሁለቱ ስፕሪንግ ያላቸው ቡሎኖች አንዱ ተሰብሮ ወድቋል፣ ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል። በአንድ ቡሎን ብቻ የተያዘው መገጣጠሚያ ወደ አንድ ጎን ዘምሞ ክቡ ጋስኬት ተፈረካክሷል፤ በጣታቸው ሲነኩት እንደ አመድ ረገፈ። ቀጥሎ ሞተሩን እንዳስነሣ አዘዙኝና፣ የተጣጠፈ እርጥብ ጨርቅ በወፍራም ጓንት ይዘው የጅራቱን ጫፍ ለጥቂት ሰከንዶች ያህል አፈኑት። ጤነኛ ቱቦ ቢሆን ኖሮ ጨርቁን ወደ ውጭ ገፍቶ ሞተሩ ይታፈን ነበር። የእኔው ግን ምንም አልገፋም፤ ይልቁንም ከፊት በኩል «ፍስስ» የሚል የትንፋሽ ድምፅ በግልጽ ተሰማ። ለማረጋገጥ የሳሙና ውሃ በመገጣጠሚያው ላይ ሲረጩ አረፋው እየተነፋ ይፈነዳ ጀመር። ይህን ሁሉ ለማድረግ የፈጀው ጊዜ አርባ ደቂቃ አይሞላም፤ የተጠቀምንባቸውም ባትሪ፣ ጨርቅና የሳሙና ውሃ ናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር፦ ሞተሩ የሚነሣበት ሙከራ ሁሉ በተከፈተ ደጅ እንጂ በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም መደረግ የለበትም።

ጭሱ ከፊት እየወጣ እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚገባ ያስረዱኝ ያኔ ነው። ማሞቂያው አየር የሚስበው ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ ኮፋኖው ከሚያበቃበት ቦታ ነው፤ በሞተሩ አካባቢ የሚያፈስ ጭስ ሞቃት ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣና ማሞቂያው ከዚያ ስቦ ልጆች ፊት ላይ ይነፋዋል። ስለዚህ ለተሳፋሪው ጤና እጅግ አደገኛው ቀዳዳ ከኋላ የሚጮኸው ትልቁ ሳይሆን ከፊት ያለው ትንሹ ሊሆን ይችላል። ሌላም መግቢያ አለ። የኋላ በሩን ከፍቶ ዕቃ ጭኖ የሚሄድ ሚኒባስ ወይም የቤት መኪና ከኋላው የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ከራሱ ጅራት የወጣውን ጭስ መልሶ ወደ ውስጥ ይስባል። ሶፋ ወይም ቁም ሣጥን በግማሽ በር አስወጥቶ ሰው ከፊት አሳፍሮ ረጅም መንገድ መሄድ ማርሚታው አዲስ ቢሆንም አደገኛ ነው።

ጋስኬቱንና ሁለቱን ቡሎኖች ከነስፕሪንጋቸው ቀየርን፤ ብየዳ አላስፈለገም። ያልጠበቅሁት ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ፦ የቤንዚን ፍጆታዬ ቀነሰ። ምክንያቱ ገብቶኝ ሳውቅ ደነቀኝ። ጭስ በቱቦ ውስጥ የሚሄደው በተከታታይ ግፊት ሳይሆን እየተመታ ነው፤ በአንዱና በሌላው ምት መካከል ግፊቱ ለቅጽበት ይወርድና ቀዳዳ ካለ የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ከቀዳዳው በኋላ የተተከለው ሴንሰር ያንን ባዕድ ኦክስጅን ያያል፣ ነዳጅ አንሷል ብሎ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም አምኖ ቤንዚን ይጨምራል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል፤ ሴንሰሩ የተፈጠረው ይህን ሚዛን ለመጠበቅ ነው። ሴንሰሩ የሚሰልለው አየር ከተበከለ ግን ሚዛኑ ይዛባል፤ ባለመኪናውም ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተር አሳጥቦ፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩሰውን ካንዴላ ቀይሮ፣ ፊልትሮ ቀይሮ ለውጥ ሳያይ ይቀራል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልምጣ። በዚያው ሰሞን ለሌላ ሥራ የገባሁበት አንድ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ካታሊስቱን እያሳየኝ «ጋሼ፣ መኪናውን የሚያፍነው ይኼ ነው፤ እናውጣውና ባዶ ቱቦ እንበይድበት። አሮጌውን እኛ እንወስድልዎታለን» አለኝ። «እንወስድልዎታለን» ያለው ቃል ቆም ብዬ እንዳስብ አደረገኝ። ካታሊስት በውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሴራሚክ አለው፤ በዚያ ሴራሚክ ላይ በስሱ የተቀባው ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ነው፣ ሦስቱም ውድ ማዕድኖች። ባለመኪናው ለማስወጫ ከፍሎ ውዱን ዕቃ በነፃ ያስረክባል ማለት ነው።

ይህ ዕቃ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅን ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ደግሞ ተመልሰው ወደ ናይትሮጅን ይለውጣል፤ ሥራውን በደንብ የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ያዳበረው ኢዩጂን ሁድሪ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነበር፤ በዚያን ዘመን ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ማዕድኖቹን እየሸፈነ ስለሚያመክናቸው በመኪኖች ላይ በስፋት የተገጠመው ግን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1975 ስሪት መኪኖች ላይ ነው። እርሳስ ያለው የመኪና ቤንዚን ከዓለም ገበያ ጨርሶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች። ሦስት ትውልድ የታገለበትን ነገር በአንድ ከሰዓት በመቁረጫ ማውጣት ከባድ ጥፋት ነው እላለሁ። መንገድ ዳር ቆሎና በቆሎ እየጠበሱ የሚውሉ እናቶች፣ የትራፊክ ፖሊሶችና ተማሪዎች የሚተነፍሱት እኛ የለቀቅነውን ነው። የእኔም ልጆች በቀደመው ጉዞ ከዚያ በላይ ያልተጎዱት ምናልባት ቀዳዳው ጠባብ ስለነበረ ይሆናል፤ የሌሎች ልጆች ግን ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ናቸው።

«ያፍናል» የሚለው ክስ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። ካታሊስት በእርግጥ ሊደፈን ይችላል፤ ነገር ግን ሳይመረመር አይፈረድበትም። መኪናው በዝቅተኛ ፍጥነት ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዳ ብቻ ከደከመ፣ በጅራቱ የሚወጣው ትንፋሽ ሞተሩ ጋዝ ሲረገጥለትም ደካማ ከሆነ፣ የመደፈን ጥርጣሬ አለ። ሲቀዘቅዝ በላስቲክ መዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታ እንደ ጸናጽል ከተንሿሿ ሴራሚኩ ተሰባብሯል። የሙቀት መለኪያ ያለው ጋራዥ ደግሞ መግቢያውንና መውጫውን ለክቶ፣ ከፊት በጣም ሞቆ ከኋላ ከቀዘቀዘ ጭሱ እንደማያልፍ ይረዳል። በእርግጥም የተደፈነ ከሆነ የሚቀጥለው ጥያቄ «ምን ደፈነው?» የሚል መሆን አለበት። አንዱ ካንዴላ ብልጭታ ሳይሰጥ ሲቀር ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ እዚያ ይነድና ሴራሚኩን ያቀልጠዋል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ያለቀ ሞተር ዘይት እያቃጠለ ማዕድኖቹን ይሸፍናቸዋል። እነዚህ ሳይታረሙ አዲስ ካታሊስት ቢገጠምም በወራት ውስጥ ያው ነው።

የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ የመመርመሪያ መሣሪያው «ፒ0420» የሚል ኮድ ካወጣም ካታሊስቱ ሞቷል ተብሎ ወዲያው አይደመደም። ኮዱ የሚለው የካታሊስቱ ብቃት ከሚጠበቀው ወርዷል ነው፤ ኮምፒውተሩም ይህን የሚያውቀው የሁለቱን ሴንሰሮች ንባብ በማወዳደር ነው። በተለመደው ሴንሰር ከካታሊስቱ በፊት ያለው ንባብ በ0.1 እና በ0.9 ቮልት መካከል ቶሎ ቶሎ ይዋዥቃል፤ ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ደግሞ ረግቶ መቆም አለበት። ኋለኛው እንደ ፊተኛው መዋዠቅ ከጀመረ ካታሊስቱ ደክሟል፤ ነገር ግን በአቅራቢያው ያለ ቀዳዳ ወይም ያረጀ ሴንሰርም ያንኑ ኮድ ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ የጨርቁና የሳሙናው ምርመራ ከኮዱ መቅደም አለበት።

የጭሱን ቀለም ማንበብ ሌላው ነገር ነው፤ እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ ከአየሩ በልጧል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ካርቡራቶር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ) ያላቸው አሮጌ መኪኖች ይህን አያውቁም። ድሬዳዋ ላይ ተስተካክሎ በደንብ ይሠራ የነበረ ካርቡራቶር አዲስ አበባ ሲመጣ ያንኑ ያህል ቤንዚን እየለቀቀ በቂ አየር ስለማያገኝ ይጠቁራል፤ መድኃኒቱ ካርቡራቶሩን ለከተማው ከፍታ ማስተካከል ነው። ሴንሰር ያላቸው መኪኖች ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ እነሱ ከጠቆሩ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። በናፍጣ መኪኖች ላይ ጥቁር ጭስ ብዙ ጊዜ ወደ ቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ወይም ወደ ፓምፕና ኖዝል ሠሪ ይመራል። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው፤ ጠዋት ሲነሣ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት በቫልቩ በኩል እንዳይገባ የሚከለክል ጎማ) ያስጠረጥራል፣ ጋዝ ሲረገጥ የሚመጣ ከሆነ ፋሻ። ነጭ ጭስ ግን ብዙዎችን በከንቱ ያስደነግጣል። በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ የሚጠፋው ስስ ነጭ ነገር እንፋሎት ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ወፍራም ነጭ ከሆነና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሄደ፣ የቴስታታው ጋስኬት ተቃጥሎ ውሃው ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ማቆም ያስፈልጋል። የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ደግሞ ሞተሩ ነዳጅ አብዝቶ ሲያቃጥል በቤንዚኑ ውስጥ ያለው ድኝ በካታሊስቱ ውስጥ ተለውጦ የሚሰጠው ነው።

ስለ ውሃው ካነሣሁ አይቀር፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ እንደሚፈጠር ባወቅሁ ጊዜ ለማመን ከብዶኝ ነበር። ውሃው በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ ማርሚታው ካልሞቀ ግን በሆዱ ውስጥ ቀዝቅዞ ይጠራቀማል። ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ገበያ ደርሶ የሚመለስና ከሁለትና ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የማይሄድ መኪና ማርሚታ ከውጭ አምሮ ከውስጥ የሚበሰብሰው በዚህ ምክንያት ነው። የእኔም የኋላ ማርሚታ የዛገው እንዲሁ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። ብዙ ማርሚታዎች ከታች በኩል ከፋብሪካ የተበሳች ትንሽ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አላቸው፤ ይህችን ቀዳዳ ብልሽት መስሏቸው የሚበይዱ በያጆች ስላሉ ቀድሞ መንገር ይጠቅማል። ከዚህ ሌላ በሳምንት አንድ ቀን መኪናውን ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ መንዳት ውሃውን ያደርቀዋል።

በኮብልስቶን መንገድ ላይ ለምንኖር ደግሞ ማንጠልጠያ ጎማዎቹ የመጀመሪያ ተጎጂዎች ናቸው። አንዱ ሲበጠስ ክብደቱ ወደ ቀሪዎቹ ይዞራል፣ ቱቦው ይወዛወዛል፣ በመጨረሻም የሚሰበረው ጎማው ያለበት ሳይሆን ከፊት ያለው መገጣጠሚያ ወይም ተጣጣፊው ቱቦ ነው። የእኔ ቡሎን የተሰበረው በዚህ መንገድ ሳይሆን አይቀርም፤ ሽማግሌው መካኒክ ከኋላ ካሉት ጎማዎች አንዱ ተበጥሶ በሽቦ መታሰሩን አሳይተውኛል። ሽቦ አይለጠጥም፤ የመኪናውን እያንዳንዱን ምት ወደ ቱቦው ያስተላልፋል። በሽቦ የታሰረ ማርሚታ ያለው ሰው ዛሬውኑ በጎማ ይተካው፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ ርካሹ እሱ ነው።

ባለፈው ክረምት ከዋሽንግተን የመጣች የአክስቴ ልጅ ለቤት የሚሠራ ትንሽ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ አመጣችልኝ። የአሜሪካ የቤት መለኪያዎች የሚጮኹት ጋዙ ከሚሊዮን 70 እጅ ላይ ደርሶ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ሲቆይ ስለሆነ፣ ለመኪና ጩኸቱን መጠበቅ ዋጋ የለውም፤ ቁጥሩን የሚያሳየውን ዓይነት መርጦ ሰሌዳውን ማየት ይሻላል። በኅዳር መጨረሻ ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ መለኪያውን በሁለቱ የፊት መቀመጫዎች መካከል አስቀምጠን፣ መስኮቶቹን ዘግተን፣ ማሞቂያውን ከፍተን ነበር። ቁጥሩን እንድታነብልኝ ኃላፊነት የሰጠኋት ትንሿ ልጄ ሰንዳፋ ላይ «ዜሮ»፣ አሌልቱ ላይ «ዜሮ»፣ ሸኖ ላይ «ዜሮ» እያለች ነገረችኝ። ጫጫ ላይ ልጠይቃት ዘወር ስል ወንድሟ ቀድሟት ተናገረና መጣላት ጀመሩ።